ብራይተን በብርድ ወራት

የአንድን ከተማ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው በበዓሉ ቀን ብቻ ሳይሆን በበዓሉ ማግስትም ሊጎበኘው ይገባል። በበዓል ቀን ቤቱ ሁሉ ያጌጣል፤ ፊቱ ሁሉ ይስቃል፤ ስለዚህም እንግዳው የሚያየው ለእርሱ የተዘጋጀውን ብቻ ነው። በማግስቱ ግን ዳሱ ፈርሶ፣ ቄጠማው ጠውልጎ ሲታይ የባለቤቱ እውነተኛ ኑሮ ይገለጣል። እኛም በእንግሊዝ አገር ደቡብ ጠረፍ የምትገኘውን የብራይተንን ከተማ በጥር ወር ለማየት የሄድነው ይህንኑ አስበን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያችን ይገንዘብልን።

አስቀድመን ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል። የእንግሊዞች የብርድ ወራት በልማድ «ክረምት» እየተባለ ይተረጎማል። ነገር ግን የእኛ ክረምት የዝናብና የእርሻ ጊዜ ነው፤ የእነርሱ ብርድ የሚጸናው ደግሞ በእኛ በጋ፣ በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ነው። እኛ የጥምቀትን በዓል በጠራ ሰማይ ሥር በምናከብርበት ሰሞን በብራይተን ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ጊዜውን በግብሩ «የብርድ ወራት» ብንለው ይሻላል።

ብራይተን ከለንደን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ከጣቢያው ወጥተን ቁልቁል የሚወርደውን ቀጥተኛ መንገድ ተከትለን ስንሄድ ባሕሩ ከፊታችን አመድማ ሆኖ ታየን። በሐምሌና በነሐሴ መቀመጫ የሚጠፋበት ጠረፍ ጭር ብሏል። አይስ ክሬም የሚሸጥባቸው ትንንሽ ሱቆች መዝጊያቸው ተቀርቅሯል። ጠረፉ አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ነው፤ ማዕበሉ ወደ ኋላ በተመለሰ ቍጥር ጠጠሩን እየጎተተ ሲያንኳኳው ከሩቅ ይሰማል። በዚህ ሁሉ ብርድ መካከል ጥቂት አረጋውያን ልብሳቸውን አውልቀው ወደ ባሕሩ ሲገቡ ባየን ጊዜ ተገርመን ቆምን። ጤንነታቸውንም ተጠራጠርን። ኋላ ግን የከተማይቱን ታሪክ ስንመረምር፣ ከጎብኚዎች ሁሉ ይልቅ ብራይተንን ለመሠረቷት ሰዎች የሚቀርቡት እነዚያ ዋናተኞች መሆናቸውን ተረዳን።

ብራይተን በጥንት ስሟ ብራይትሄልምስተን የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ1514 የፈረንሳይ ወራሪዎች አቃጠሏት፤ በ1703 እና በ1705 ደግሞ ኃይለኛ ማዕበል በባሕሩ አፋፍ ሥር የነበሩትን ቤቶች አጠፋ። ከድህነቷ ያወጣት ንግድ ወይም ጦር ሳይሆን የአንድ ሐኪም መጽሐፍ ነው። ሪቻርድ ረስል የተባለው የአቅራቢያው ከተማ ሐኪም በ1750 የባሕር ውሃ ለዕጢ ሕመም መድኃኒት ነው የሚል ጽሑፍ በላቲን ቋንቋ አሳተመ። ሕመምተኛው በባሕሩ እንዲነከር ብቻ ሳይሆን ውሃውን እንዲጠጣም ያዝዝ ነበር። በ1753 በብራይተን ቤት ሠርቶ በሽተኞቹን በዚያ ይቀበል ጀመር።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የዚያ ዘመን ሐኪሞች ብርዱን ራሱን እንደ መድኃኒት መቍጠራቸው ነው። ስለዚህ ሕመምተኞቹ የበጋውን ሙቀት አይጠብቁም ነበር። ዕውቋ የልብ ወለድ ደራሲ ፋኒ በርኒ በ1782 በኅዳር ወር፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በጨረቃ ብርሃን ከወዳጆቿ ጋር በብራይተን ባሕር ታጥባለች። ገላውን የሚታጠብ ሰው በፈረስ በሚጎተት ባለ መንኰራኵር የእንጨት ጎጆ ውስጥ ሆኖ ወደ ውሃው ይገባል፤ ከዚያም ጠንካራ ሴቶች ይዘው ይነክሩታል። ከእነዚህ ሴቶች ስሟ እጅግ የገነነው ማርታ ገን በ1815 አርፋ በከተማይቱ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ተቀብራለች። ከልዑላን ጋር የዚህች የድኻ ሠራተኛ ስም በታሪክ መጻፉ ከተማይቱ በማን ጕልበት እንደቆመች ያስረዳል።

ከሐኪሙ ቀጥሎ ልዑሉ መጣ። ኋላ ጆርጅ ፬ኛ ተብሎ የነገሠው አልጋ ወራሽ በ1783 ብራይተንን ጎብኝቶ ወደዳት። ጆን ናሽ የተባለውም መሐንዲስ ከ1815 እስከ 1822 ባለው ጊዜ ዛሬ ሮያል ፓቪልዮን የሚባለውን ቤተ መንግሥት በሕንድ አሠራር ጉልላት አብጅቶ አስጌጠለት። በ1801 ከ7,000 ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ የነበራት ከተማ በ1851 ከ65,000 በላይ ሕዝብ ይኖርባት ነበር።

በ1841 የለንደኑ ባቡር ብራይተን ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ሠራተኛውና ጸሓፊው በርካሽ ዋጋ በበጋ እሑድ እየመጣ ጠረፉን ይሞላው ጀመር። ባለጠጎቹ ከሕዝቡ ጋር መጋፋትን ስላልወደዱ የራሳቸውን የመዝናኛ ወራት ወደ መከርና ወደ ብርድ ጊዜ አዞሩት። እንግዲህ በዚያ ዘመን መኳንንት ብራይተን የሚወርዱት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነበር። ዛሬ የሞተ ጊዜ የሚባለው ያን ጊዜ የክብር ወራት ነበረ ማለት ነው።

ታዲያ በጋውን የወራት ሁሉ ንጉሥ ያደረገው ምንድን ነው? መልሱ ከአየሩ ይልቅ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። በ1871 የወጣው ሕግ በነሐሴ ወር መጀመሪያ ባንኮች የሚዘጉበትን የዕረፍት ቀን ሰጠ። በ1938 የወጣውም ሕግ ለብዙ ሠራተኞች ደመወዝ የሚታሰብበት ዓመታዊ ዕረፍት እንዲስፋፋ መንገድ ከፈተ። ትምህርት ቤቶችም በበጋ ስለሚዘጉ አባወራው ልጆቹን ይዞ የሚጓዘው በዚያው ጊዜ ሆነ። የባሕሩ ብርድና ሙቀት በእነዚህ ሁለት መቶ ዓመታት ያን ያህል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ኑሮና ሥርዓት ነው።

ባሕሩ ግን የሰውን ቀን መቍጠሪያ አያውቅም። በ1823 ወደ ባሕሩ ውስጥ ተዘርግቶ የተሠራውን በሰንሰለት የተንጠለጠለ ድልድይ በታኅሣሥ 1896፣ የዐድዋ ድል በተገኘ በዘጠነኛው ወር፣ አንድ ሌሊት የነፈሰ ማዕበል ሰባብሮ ጣለው። በ1866 የተከፈተው የምዕራቡ ድልድይም በ1975 ተዘጋ፤ በታኅሣሥ 2002 ማዕበል ከፊሉን አፈረሰው፤ በ2003 ደግሞ እሳት በላው። ዛሬ የብረት አጥንቱ ብቻ ከባሕሩ መካከል ቆሞ ይታያል።

ከተማይቱ ካሳለፈቻቸው የብርድ ወራት ሁሉ ግን ልብ የሚነካው በታኅሣሥ 1914 የጀመረው ነው። በፈረንሳይ ግንባር ለእንግሊዝ መንግሥት ሲዋጉ የቆሰሉት ሕንዳውያን ወታደሮች ወደ ብራይተን መጡ፤ በሮያል ፓቪልዮንና በሌሎች ሁለት ሆስፒታሎች የታከሙት ከ12,000 በላይ ናቸው። የየሃይማኖታቸው ሥርዓት እንዳይጣስ በፓቪልዮን ዘጠኝ ማድ ቤት ተሠራ፤ ለሂንዱዎችና ለእስላሞች የውሃው ቧንቧ እንኳ ተለያየ። በሕንድ ቤት አምሳል ለደስታ የተሠራው አዳራሽ እውነተኞቹን ሕንዳውያን የተቀበለው በቍስለኛ አልጋ ላይ ነበር። ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ለቈሰሉት ለቀቀላቸው እየተባለ ተነገረ፤ ቤቱ ግን ከ1850 ጀምሮ የከተማይቱ ንብረት ነበር። ከዚህም በላይ ያገገሙት እንኳ ያለ ፈቃድና ያለ ጠባቂ ወደ ከተማው እንዳይወጡ ተከልክለው ነበር። እንግዲህ ደግነቱና ጥርጣሬው በአንድ ግቢ አብረው አደሩ።

ከሞቱት መካከል 53 ሂንዱዎችና ሲኮች እንደ ሥርዓታቸው ከከተማይቱ በስተ ሰሜን ባለው ኰረብታ ላይ ተቃጠሉ። በ1921 ቻትሪ የተባለው የነጭ እብነ በረድ መታሰቢያ በዚያው ቆመላቸው። ወደ ኰረብታው ወጥተን ከሥፍራው በቆምን ጊዜ ከነፋሱ በቀር ድምፅ አልነበረም። የአገራቸውን ፀሐይ ትተው በሰው አገር ጦርነት ቆስለው፣ በሰው አገር ብርድ ያረፉትን ስናስብ፣ በስደት የኖሩ ወገኖቻችን ትዝ አሉን። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1936 በስደት ወደ እንግሊዝ አገር በሄዱ ጊዜ ከብራይተን በስተ ምዕራብ ባለችው በጎረቤቷ በወርዚንግ ከተማ ለጥቂት ጊዜ ዐርፈዋል። የባሕር ጠረፍ ከተማ ሁልጊዜ ለተድላ ብቻ አይጎበኝም።

ሲመሽ ወደ ጠረፉ ተመለስን። በብርድ ወራት ምሽት እልፍ ትንንሽ ወፎች በፈረሰው ድልድይ ዙሪያ እንደ ጢስ እየተጠቀለሉ ይበራሉ፤ ይህን ትርኢት የበጋው እንግዳ አያየውም። መብራት የበራባቸው መስኮቶችም በሁሉም ጎዳና ላይ ነበሩ። ጭር አለ የተባለው ከተማ ለካ አልሞተም፤ የሄደው እንግዳ ነው እንጂ ባለቤቱ በቤቱ አለ።

ከዚህ ጉብኝት ያገኘነው ትምህርት ይህ ነው። አንድን ጊዜ ወራቱ፣ ሌላውን ወራቱ ያለፈ የሚያሰኘው ተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን ሐኪም፣ ባቡር፣ ሕግና ልማድ ነው። ሰው የሠራውን ሰው ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ በአገራችንም በየሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ለማቋቋም የሚያስቡ ሁሉ፣ እንግዳው በሚመጣበት ቀን ምን እንደሚደምቅ ብቻ ሳይሆን፣ እንግዳው በሄደ ጊዜ በዚያ የሚቀረው ሕዝብ በምን እንደሚኖር አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው። የከተማ ታሪክ የሚጻፈው በሁለቱም ወራት ነውና።