በከፊል ሕገ ወጥ የሆነ ውል

በከፊል ሕገ ወጥ የሆነ ውል ከግዴታዎቹ አንዱ በሕግ የተከለከለ፣ ቀሪው ግን የተፈቀደ ስምምነት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1716 ሕገ ወጥ ወይም ለሞራል ተቃራኒ የሆነ ውል እንደማይጸና ይደነግጋል። በቁጥር 1813 መሠረት ጉድለቱ የውሉን አንድ ክፍል ብቻ ሲነካ የሚፈርሰው ያ ክፍል ነው፤ የውሉን መሠረት የሚያናጋ ከሆነ ግን ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

ብድር ጥሩ ማሳያ ነው። ቁጥር 2479 በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። በወር 10 በመቶ ወለድ ያበደረ ሰው ዋናውን ገንዘብ ማስመለስ ይችላል፤ አራጣውን ግን በፍርድ ቤት ማስከፈል አይችልም። ተበዳሪ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል፤ ፊርማው ሕግ የከለከለውን ወለድ ሕጋዊ አያደርገውምና።

ቤት ከነመሬቱ ሲሸጥ ነገሩ ይከብዳል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በላዩ በጉልበትና በገንዘብ የተሠራው ግን የባለይዞታው ንብረት ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ገዢው የፈለገው ምኑን እንደሆነ ነው። ዋጋው የተከፈለው ለመሬቱ ከሆነና ቤቱ ሽፋን ብቻ ከነበረ፣ መሬቱ ሲወጣ የሚተርፍ ሽያጭ የለም። ውሉ ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ግን ከውሉ ጽሑፍ ይጀምራሉ፤ ሕገ ወጦቹን ቃላት ይሰርዛሉ እንጂ በምትካቸው አዲስ አይጽፉም፤ የቀረውም ያለ ጭማሪ መቆም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1915 በጎልድሶል ክስ አርቴፊሻል ጌጣጌጥ የሚሸጥ ነጋዴ እውነተኛውንም እንዳይነግድ፣ ከብሪታንያም ውጭ በሌሎች አገሮች እንዳይሠራ ተዋውሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ ትርፍ የሆነውን ክልከላ ሰርዞ በብሪታንያ ውስጥ የአርቴፊሻሉን ክልከላ ብቻ አጸና።

ይህ አካሄድ አደጋ አለው። ጠንካራው ወገን የፈለገውን ያህል ከባድ ግዴታ ይጽፋል፤ ቢበዛ ፍርድ ቤት ይከረክምለታል፤ ጠበቃ የመክፈል አቅም የሌለው ሠራተኛ ግን በተጻፈው ሁሉ ታስሮ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1920 በአትውድ ክስ ዳኞቹ በዚህ ስጋት መሰረዙን ለሠራተኞች ውል አጥብበውት ነበር። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በቲልማን ክስ ያንን ጥበት ሽሮ፣ አንድ ትርፍ ሐረግ አስወጥቶ የስድስት ወር የውድድር ክልከላ አጸና። አሠሪው ቢረታም፣ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያሉ ሐረጎችን የማጽዳት ሸክም ያለ አግባብ በሌሎች ላይ እንደሚወድቅና ይህም በወጪ ውሳኔ ሊታሰብ እንደሚችል ገልጿል።