ከእንስራ እስከ መስታወት ዓምድ፦ የአረቄ ማውጫ መሣሪያ ታሪክና ለጤና ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ጋሸና ከወልዲያ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቀው መንገድ ወደ ላሊበላ ከሚወስደው ጋር የሚገናኝባት፣ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ የሰሜን ወሎ ከተማ ናት። ገብስ በሚበቅልበት በዚህ ደጋ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ሁሉ፣ ጠላና አረቄ የማኅበራዊ ኑሮ አካል ናቸው። አረቄ ማውጣት በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ሲሆን ለብዙ እናቶች የልጅ ማሳደጊያ ገቢ ነው። በጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያም አረቄ የጎዳውን ሕመምተኛና በአረቄ ገቢ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት በአንድ ቀን ሊያስተናግድ ይችላል። ሁለቱንም በአግባቡ ለመርዳት አረቄ የሚወጣበት መሣሪያ ምን እንደሚሠራና ምን ሊሠራ እንደማይችል ማወቅ ይጠቅማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የመሣሪያውን ታሪክ ከዚህ አንጻር በአጭሩ መዳሰስ ነው።

የእንስራው ጥበብ

አረቄ ለማውጣት በቅድሚያ የጌሾ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ለጥቂት ቀናት ይጠነሰሳል። ቀጥሎ ከእህል ዱቄት የተጋገረ ቂጣና ብቅል ተጨምሮበት ድፍድፉ እስኪብላላ ይቆያል። የተብላላው ድፍድፍ በሸክላ ዕቃ ተደርጎ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ ተከድኖ እንፋሎት እንዳያመልጥ ይመረጋል። እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ ሲደርስ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። በመጀመሪያው ዙር የሚገኘው ተራ አረቄ ሲባል፣ እንደገና ተጥዶ የሚወጣውና ብርታቱ የሚጨምረው ዳግም ይባላል።

ይህ አሠራር በሳይንስ ቋንቋ ማንጠር የሚባለው ነው። ኢታኖል ከውኃ ቀድሞ ስለሚተን፣ ከድፍድፉ የሚነሣው እንፋሎት ከድፍድፉ ይልቅ በአልኮል የበለጸገ ይሆናል። አውጪዋ ይህን በቀመር ሳይሆን በልምድ ታውቀዋለች፤ ብርታቱንም በጣዕምና እሳት ሲነካው በመንደዱ ትለያለች።

ማንጠር ከሕክምና ጋር ያለው ዝምድና

አረቄ የሚለው ስም ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ላብ ማለት ነው፤ በዕቃው ግድግዳ ላይ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ ይገልጻል። የማንጠሪያ ዕቃ በእስክንድርያ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነበር፤ የዐረብ ሊቃውንትም አሻሽለው አስፋፍተውታል። እ.ኤ.አ. በ12ኛው ክፍለ ዘመን በኢጣልያ የሳሌርኖ ሐኪሞች ወይንን በማንጠር አልኮል አወጡ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የቦሎኛው ሐኪም ታዴዎ አልዴሮቲ በውኃ የሚቀዘቅዝ ጥምዝ ቱቦ ስላለው መሣሪያ ጻፈ። በዚያ ዘመን ንጥር አልኮል «የሕይወት ውኃ» እየተባለ እንደ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። በአገራችንም የኮሶ አረቄ መኖሩ በመጠጡና በመድኃኒቱ መካከል የነበረውን ቅርበት ያሳያል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ራሱ የሕመም ምንጭ የሆነበት ጊዜ ነበር። በሰሜን አሜሪካ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1723 የእርሳስ ክዳንና ቱቦ ባላቸው መሣሪያዎች መጠጥ ማንጠርን በሕግ ከልክሏል፤ ምክንያቱም እርሳስ ወደ መጠጡ እየገባ ብርቱ የሆድ ቁርጠትና የእጅና እግር መስነፍ ያስከትል ስለነበር ነው።

የመስታወት ዓምድ

በኢንዱስትሪው በኩል ትልቁን ለውጥ ያመጣው ዓምድ ነው። አየርላንዳዊው ኢንያስ ኮፊ እ.ኤ.አ. በ1830 ያስመዘገበው ባለ ዓምድ መሣሪያ ያለማቋረጥ እየሠራ ብርቱ አልኮል ያወጣ ነበር። በቤተ ሙከራ ደግሞ በጀርመን የኦቶ ሾት ሙቀት ቻይ መስታወት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው ፓይሬክስ፣ ዓምዱን ከመስታወት መሥራትን አመቺ አደረጉ።

ተፈታትቶ የሚገጠመው የመስታወት ዓምድ ከታች ማፍያ ብልቃጥ፣ በላዩ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ የዓምድ ክፍሎች፣ ከዚያም ቴርሞሜትር የሚይዝ ራስ፣ በጎን ውኃ የሚዘዋወርበት ማቀዝቀዣ፣ በመጨረሻም መቀበያ ብልቃጥ አለው። የክፍሎቹ አፍ በተወሰነ መለኪያ ተሞርዶ የተሠራ በመሆኑ አንዱ ሲሰበር ሌላ ይተካል። በዓምዱ ውስጥ ትንንሽ የመስታወት ቀለበቶች ይሞላሉ፤ ወይም ፈረንሳዊው ቪግሮ እ.ኤ.አ. በ1904 እንዳቀረበው ግድግዳው ወደ ውስጥ የገቡ ጥርሶች ይኖሩታል። ወደ ላይ የሚወጣው እንፋሎት በከፊል ቀዝቅዞ ወደ ታች ከሚመለሰው ፈሳሽ ጋር ደጋግሞ ይገናኛል። በሌላ አነጋገር፣ አውጪዋ ዳግም ለማግኘት ሁለት ጊዜ የምትጥደውን ዓምዱ በአንድ ጊዜ ብዙ ዙር ያከናውነዋል። ያም ሆኖ በዚህ መንገድ የሚገኘው አልኮል ከ96 በመቶ ገደማ አያልፍም።

በዕቅዱ ወቅት ሦስት ነገሮች ቸል ሊባሉ አይገባም። አንደኛ፣ የመሣሪያው መጨረሻ ምንጊዜም ለአየር ክፍት መሆን አለበት፤ የተዘጋ መሣሪያ ይፈነዳል። ሁለተኛ፣ የአልኮል ተን ተቀጣጣይ ስለሆነ ነበልባል ሊቀርበው አይገባም። ሦስተኛ፣ የቦታው ከፍታ ይታሰባል። ኢታኖል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ በጋሸና ከፍታ ግን 70 ዲግሪ ገደማ፣ ውኃም 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የሕክምና ዕቃን በተራ መቀቀል ብቻ ለማምከን መሞከር በደጋ ይበልጥ የማያስተማምነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ንጽሕና ደኅንነት ነውን?

ብዙ ጊዜ የቤት አረቄ ዓይን ያጠፋል፤ የዘመናዊ መሣሪያ ምርት ግን አይጎዳም ሲባል ይሰማል። ሁለቱም አባባሎች ማስተካከያ ያሻቸዋል። ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል ከእህል ድፍድፍ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። በብዛት ሰው የፈጁት መመረዞች ምንጫቸው የኢንዱስትሪ ሜታኖል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኢስቶኒያ ከ60 በላይ ሰዎች የሞቱት፣ በ2020ም በኢራን ብዙ መቶዎች ያለቁት በዚህ መልክ ነው። ሜታኖል የተቀላቀለበትን መጠጥ እንስራም ሆነ ዓምድ ለጠጪው አስተማማኝ አያደርገውም። በመሆኑም ከጠጣ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ፣ ዓይኔ ደበዘዘ የሚል ሕመምተኛ ሲመጣ ስካር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሳይዘገይ ሕክምና ጀምሮ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክና አብረውት የጠጡትን ማፈላለግ ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል ኢታኖል ራሱ ንጹሕ ቢሆንም ጉበትን ይጎዳል፣ ሱስ ያስይዛል፤ የአልኮል መጠጥም ለካንሰር መንስኤነቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ተረጋግጧል። መስታወት የእርሳስን ጉዳት ያስቀራል፤ የአልኮልን ጉዳት ግን አያስቀርም፤ እንዲያውም ብርታቱን ይጨምራል። ብርታት የሚጠቅመው ለእጅ ማጽጃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር 80 በመቶ ኢታኖል ሲጠይቅ፣ ተራ አረቄ በአብዛኛው ከ40 በመቶ ብዙም ስለማያልፍ ለዚህ አገልግሎት አይበቃም።

ማጠቃለያ

ከእንስራው እስከ መስታወት ዓምዱ ያለው ታሪክ እንደሚያስረዳው መሣሪያ ብርታትንና ብክለትን ይለውጣል እንጂ የአልኮልን ባሕርይ አይለውጥም። ስለዚህ የጤና ባለሙያው ጠጪውን ምን ያህል እንደሚጠጣ ብቻ ሳይሆን መጠጡ ከየት እንደተገኘም ሊጠይቀው ይገባል። አውጪዋን እናት ደግሞ ከመውቀስ ይልቅ ስለ ጭሱ፣ ስለ ቃጠሎው፣ ቱቦዋ በእርሳስ የተበየደ ስለመሆኑና ራሷም እየቀመሰች ስለምትውለው መጠን ቢጠይቃት፣ እስካሁን ማንም ያላነሣውን የጤና ችግሯን ሊደርስበት ይችላል።