ስልክ፣ ቢልቢላ፣ ብሉቱዝ፤ በሊሙ ገነት ስለ መልእክት ታሪክ አጭር ጥናት

በሊሙ ገነት በገበያ ቀን፣ ቡና በሚመዘንበት ሥፍራ፣ ብቻውን የሚናገር ነጋዴ ቢታይ ዛሬ ማንም አይደነቅም። ነጋዴው በጆሮው ትንሽ ማዳመጫ አድርጓል፤ ስልኩ በኪሱ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚታይ ሽቦ የለም። ይህን የመሰለ ትንሽ ዕቃ ለታሪክ ተማሪ የሚበቃ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን መልእክት በማን እጅ እንደ ነበረና ማን ይሰማው እንደ ነበር መጠየቅ የታሪክ ሥራ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት በዚህ አገር የሊሙ እናርያ መንግሥት ነበረ። በአባ ባጊቦ ዘመን፣ ማለት ከ1825 እስከ 1861፣ የሰቃ ገበያ በጊቤ አገሮች እጅግ የታወቀ ነበር። የሲራራ ነጋዴዎች ከዚያ ተነሥተው በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይዘልቁ ነበር። የሩቅ አገር የዋጋ ወሬ የሚደርሰው ከቅፍለቱ ጋር ስለ ሆነ፣ ከበቅሎ እግር የሚቀድም ወሬ አልነበረም። የደረሰው ወሬ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የብዙ ጆሮ ነበር።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው ከዚህ በኋላ ነው። በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኰንን በ1889 ወደ ኢጣሊያ በመልእክተኛነት ሄደው ሲመለሱ መሣሪያውን ለዳግማዊ ምኒልክ ማምጣታቸው ይነገራል። ቀጥሎም ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎሜትር የሚሆን መስመር ተዘረጋ። በ1952 ደግሞ ሥራውን የሚመራ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ክር ወይም ሽቦ ማለት ነው። በሊሙ ያለው የኦሮምኛ ተናጋሪ ግን ያንኑ መሣሪያ «ቢልቢላ» ይለዋል፤ ይኸውም ደወል ማለት ነው። አንዱ ሕዝብ በእንጨት ላይ የተዘረጋውን አይቶ ሰየመው፤ ሌላው የጮኸውን ሰምቶ ሰየመው። ሁለቱም ስሞች ስልክ በአደባባይ የሚታይና የሚሰማ ነገር እንደ ነበር ይመሰክራሉ። በእጅ በሚሠራ ማዞሪያ ዘመን መስመር የሚያገናኘው ሠራተኛ የሰዎቹን ንግግር መስማት ይችል ነበርና፣ ምስጢር ለሚፈልግ ሰው ስልክ የታመነ ጓደኛ አልነበረም።

1999 በዚህ ታሪክ ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የሞባይል ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት የብሉቱዝ የመጀመሪያው ደንብ ታትሞ ወጣ። የብሉቱዝ ሥራ የተጀመረው በስዊድን በኤሪክሰን ኩባንያ በ1994 ሲሆን፣ ስሙ በ10ኛው መቶ ዓመት ዴንማርክን አንድ አደረገ ከሚባለው ከንጉሥ ሐራልድ ቅጽል የተወሰደ ነው። በእኛ አገር ግን ቃሉ የራድዮ ሞገዱ ስም መሆኑ ቀርቶ የማዳመጫው የራሱ ስም ሆኗል፤ «ብሉቱዜ ጠፋ» የሚል ሰው የጠፋበት ዕቃው ነው።

ወጣቶች «ኮኔክት ማድረግ» የሚሉት ሥራ እንዲህ ነው። ማዳመጫው ለመገናኘት ዝግጁ መሆኑን በሞገድ ያስታውቃል፤ ስልኩ ፈልጎ ስሙን ያሳያል፤ ባለቤቱ ይመርጠዋል። በቀድሞዎቹ ማዳመጫዎች ብዙ ጊዜ 0000 የሚል ቁጥር ይጠየቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ መሣሪያዎች የምስጢር ቁልፍ ይይዛሉ፤ አብረው እንደ ተጠመዱ በሬዎችም በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ችግር ይተዋወቃሉ። ሞገዱ በሰከንድ እስከ 1600 ጊዜ ከመስመር ወደ መስመር ይዘላል፤ ይህም የሚደረገው ከሌሎች ሞገዶች ጋር እንዳይጋጭ ነው። እንግዲህ መጣመር ማለት ማን ይስማ፣ ማን አይስማ ብሎ አስቀድሞ መወሰን ነው።

ይህ ለሊሙ ምን ያመጣል? ሽማግሌዎች ሰላምታ ሲሰጡት የማይመልስ ወጣት በዛ ብለው ያዝናሉ፤ ቅሬታቸውም ከንቱ አይደለም። በሌላ በኩል፣ ቡናውን የሚሸጥ ገበሬ ከሚገዛው ሰው ፊት ቆሞ ከልጁ የሌላውን ከተማ ዋጋ ቢሰማ፣ ገዢው ስለማይሰማው ለመከራከር ኃይል ያገኛል። ነገር ግን ገዢውም ይህንኑ ማዳመጫ በጆሮው አድርጓል። ስለዚህ መሣሪያው ራሱ ለማንም አያደላም፤ የሚያደላው አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ላለው ነው። ማዳመጫ ገዝቶ የሚነግረው የሌለው ገበሬ ከዝምታ በቀር የሚሰማው የለም።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። ሽቦው ጠፋ፤ ስሙ ግን «ስልክ» እንደ ሆነ ቀረ። ደወሉም ወደ አንድ ሰው ጆሮ ገባ፤ ስሙ ግን «ቢልቢላ» ነው። በሰቃ ገበያ ወሬ የሚዘገይ ነበር፣ የብዙዎችም ነበር፤ ዛሬ ፈጣን ነው፣ የአንድ ሰውም ነው። ፍጥነቱን ሳንለቅ የጋራነቱን እንዴት እንመልሰው የሚለው ጥያቄ ከመሐንዲሱ ይልቅ ለእኛ ለተማሪዎች የቀረበ ነው። የሰማ ላልሰማ ያሰማ ሲባል የኖረው የአዋጅ ቃል በሊሙ ገበያ ዛሬም ሥራ አለው።