በሕግ አምላክ፤ ሕግ ወደ ቤት ስለ ገባበት መንገድ

በአገራችን ከቀድሞ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ታላቅ ቃል አለ፤ ይኸውም «በሕግ አምላክ» የሚለው ነው። ሁለት ሰዎች በገበያ ወይም በመንገድ ተጣልተው አንዱ በሌላው ላይ ዱላ ያነሣ እንደ ሆነ፣ በአጠገብ የሚያልፍ ማንም ሰው ይህን ቃል ጠርቶ ሊያስቆመው ይችላል። የሚጠራው ሰው ሹም ወይም ወታደር መሆን አያስፈልገውም፤ ድሀም ቢሆን፣ ሴትም ብትሆን ይበቃል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ተብሎ ይነገራል።

ወጣቶች ሆይ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ወራጅ ውሃን ያቆማል የተባለው ይህ ቃል፣ በተዘጋ ደጅ ውስጥ አንድ ባል በሚስቱ ላይ ያነሣውን እጅ ለምን ሳያቆም ኖረ? ጎረቤት ጩኸቱን እየሰማ «የባልና የሚስት ነገር ነው፤ ነገ ይታረቃሉ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። በማለዳም ያበጠ ፊቷን እያየ «እንዴት አደርሽ» ብሎ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕግ የት ነበር? መልሱን ለማግኘት የሕጋችንን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል፤ እኔም ነገሩን ወደ አርባ ምንጭና ወደ ጋሞ አገር አስጠግቼ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን የምቈጥረው በእኛው አቈጣጠር ነው።

የአርባ ምንጭ ከተማ ዕድሜዋ ገና አልረዘመም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከደጋው ከጨንቻ ወርዶ፣ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ቍልቍል በምታይበት ሥፍራ የተተከለው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። እንግዲህ ከተማዋ ከፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጋር እኩያ ናት ማለት ይቻላል፤ ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነውና።

ይህን ሕግ ያረቀቁት ረኔ ዳቪድ የተባሉ የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ናቸው። ስለ ውል፣ ስለ ንብረትና ስለ ውርስ ብዙ ጠቃሚ ነገር ይዟል። ስለ ባልና ሚስት ግን በ635ኛው ቍጥር ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑን፣ ሚስትም ባልዋ በሚያዛት ሕጋዊ ነገር ሁሉ መታዘዝ የሚገባት መሆኑን ደነገገ። በ644ኛው ቍጥርም ባል የሚስቱን አካሄድ እንዲመራ ፈቀደለት። በእርግጥ ይህን ሲያደርግ በግፍና በማጕላላት እንዳይሆን ከልክሎታል፤ ደብድባት አላለም። ይሁን እንጂ አንዱን አዛዥ፣ ሌላውን ታዛዥ ካደረጉ በኋላ፣ ታዛዡ አልታዘዝም ያለ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ በብዙ ቤት መልስ የሰጠው ዱላ ነው።

ይህ የእኛ አገር ነውር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1804 በናፖሊዮን ጊዜ በፈረንሳይ የወጣው ሕግ ሚስት ለባልዋ ታዛዥ እንድትሆን ያዝዝ ነበር። ፈረንሳዮች ይህን ቃል ከሕጋቸው ያወጡት በ1938 ሲሆን፣ ባል የቤተሰብ አለቃ ነው የሚለውን ደግሞ እስከ 1970 ድረስ አቈይተውታል። እንግዲህ ሥልጡን የሚባለውም አገር ወደ ቤት ውስጥ ለመመልከት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

«ከተደበደበች ለምን አትፈታውም ነበር?» የሚል ይኖር ይሆናል። መፋታትም ቀላል አልነበረም። በ1952ቱ ሕግ የፍች ጥያቄ በመጀመሪያ የሚቀርበው በዘመድ ሽምግልና ለተቀመጡ ዳኞች ነበር። ሕጉ ከባድ የፍች ምክንያት ብሎ ከቈጠራቸው መካከል ዝሙት አለ፤ ቤትን ጥሎ መጥፋትም አለ፤ ድብደባ ግን በስሙ ተጠርቶ አልተጻፈም። ያለ ከባድ ምክንያት ፍች የጠየቀ ሰው ደግሞ በንብረት ክፍያ ጊዜ ሊጐዳ ይችል ነበር። ስለዚህ የተደበደበች ሴት ወይ ንብረቷን ትታ ጀርባዋን ለማዳን፣ ወይ ጀርባዋን ሰጥታ ንብረቷን ለማቈየት የምትገደድበት ጊዜ ነበር። ከዚህ ቀደም ብሎ በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ጠለፋን ወንጀል ካለ በኋላ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ በሕግ ያገባት እንደ ሆነ ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። በጠላፊ ቤት ተዘግታ የምትኖር ልጅ ፈቃዷ ምን ያህል ፈቃድ እንደ ሆነ እናንተው ፍረዱ።

ይህ ነገር የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም፤ በራሱም አልተለወጠም። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥም በፍች ጊዜም እኩል መብት እንዳላቸው፣ በ35ኛውም አንቀጽ ሴቶችን የሚጨቍን ወይም በአካላቸውና በአእምሯቸው ላይ ጕዳት የሚያደርስ ሕግና ልማድ የተከለከለ መሆኑን ደነገገ። በዚያው ዘመን መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቁመው፣ ጠበቃ መግዛት ለማይችሉ ሴቶች ያለ ዋጋ ይሟገቱ ጀመር። በ1989 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሮጥ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ማኅበሩ ቆሞላት ተሟገተ፤ ፍርድ ቤቱም ራስዋን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ከዚያ በፊት ስለ ጠለፋ በሹክሹክታ ይናገር የነበረ ሰው ሁሉ በአደባባይ መነጋገር ጀመረ።

ከዚህ በኋላ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። ባል አለቃ ነው የሚለው ቃል ቀረ፤ ቤተሰብን ማስተዳደር የሁለቱም ሆነ፤ ፍችን የመወሰን ሥልጣን ከዘመድ ዳኞች ወጥቶ ለፍርድ ቤት ተሰጠ፤ ፍች የሚጠይቅ ሰውም ምክንያቱን ለመግለጽ አይገደድም ተባለ። ጋሞ በዚያን ጊዜ ይገኝበት የነበረው የደቡብ ክልልም በ1996 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በ1997 በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በ564ኛው አንቀጽ፣ በትዳር ጓደኛው ወይም ያለ ጋብቻ አብራው በምትኖር ሰው ላይ ጕዳት ያደረሰ ሰው እንደ ማንኛውም አካል አጕዳይ እንደሚቀጣ ተናገረ፤ የአእምሮም ጕዳት እንዲቈጠር አደረገ። ጕዳቱ ከባድ የሆነ እንደ ሆነ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። ጠላፊም ቢያገባት ከቅጣት አያመልጥም ተባለ። ሕግ የቤቱን ደጃፍ ተሻግሮ የገባው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው።

ነገር ግን ገብቶ የቆመው በደጃፉ አጠገብ ነው እንጂ እልፍኙ ድረስ አልዘለቀም። ሕጉ ሲወጣ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ የተፈጸመ ብሎ ስለ ተረጐመው፣ በትዳር ውስጥ ያለችውን ሴት ተዋት። ቀላል የሚባለው የአካል ጕዳትም የሚያስቀጣው ተበዳዩ የግል አቤቱታ ሲያቀርብ ነው። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሕግም፣ ለመብት የሚሟገቱ ማኅበራት ከውጭ አገር የሚያገኙትን ገንዘብ ከመቶ ዐሥር እጅ እንዳያልፍ ስለ ወሰነው፣ በ2011 በሌላ ሕግ እስኪተካ ድረስ የሴቶቹን ጠበቆች አቅም አዳክሞት ነበር።

አቤቱታ ስላልሁት ነገር ጥቂት ልጨምር፤ የሕግ ቍልፍ ያለው በዚህ ነውና። በትልልቅ ወንጀሎች መንግሥት ራሱ ከሳሽ ይሆናል፤ ቀላል በተባለው ግን ቍልፉን የያዘችው የተመታችው ሴት ናት። ቍልፉን ከእጇ ለማውጣት ደግሞ ጕልበት አያስፈልግም፤ ሽማግሌ መላክ ይበቃል።

ሽምግልናን ለመንቀፍ ይህን አልተናገርሁም። የጋሞ ሽማግሌዎች ያደረጉትን አገር ሁሉ ያውቃል። በመስከረም 2011 በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ሳለ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሣሩን ረግጠው ለማለፍ ስላልደፈሩ ተመለሱ። በጋሞ ልማድ ጎሜ የሚባል አለ፤ ይኸውም ክልክል የሆነውን ነገር የሠራ ሰው በራሱና በቤተሰቡ ላይ መከራ ያመጣል የሚል እምነት ነው። አንድም ጥይት ሳይተኰስ ያን ሁሉ ሰው ያቆመ ሣር፣ በእውነቱ የበሕግ አምላክ ወንድም ነው።

ሆኖም ሣር በሁለት ተጣዪዎች መካከል ሲያዝና በወደቀች ሴት ላይ ሲጐዘጐዝ አንድ አይደለም። በዱቡሻ፣ ይኸውም የጋሞ ሰው ለምክር በሚቀመጥበት አደባባይ፣ ከጥንት ጀምሮ ተቀምጠው የሚናገሩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። እኔ በአርባ ምንጭ ሴቻ በሚባለው ሰፈር በአንድ ሽምግልና ላይ ተገኝቼ ነበር። ባልዋ ደብድቧት ለፖሊስ አቤት ያለች ወጣት ሴት አቤቱታዋን እንድታነሣ ሊለምኑ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ በለሰለሰ ቃል «ልጄ፣ ለመሆኑ ምን ብለሽው ነው የመታሽ?» አሏት። እርስዋ አንገቷን ደፋች። በጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አክስቷ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «አባቶቼ፣ የመታውን ምን ነክቶህ ነው ሳትሉት፣ የተመታችውን ምን ብለሽው ነው ትሏታላችሁ?» አሉ። በቤቱ ውስጥ ዝምታ ሆነ። በዚያን ቀን አቤቱታው አልተነሣም።

የእኒያ እናት ጥያቄ ከብዙ የሕግ መጻሕፍት ይልቅ ነገሩን ይገልጣል። ዕርቅ የእኩዮች ነው፤ የፈራ ሰው የሚገባው ዕርቅ እጅ መስጠት ነው። ሕገ መንግሥቱም የቤተሰብን ክርክር በልማድ ዳኝነት ማየት የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው፤ ያልወደደችን ሴት ማስገደድ አይቻልም።

አሁን ደግሞ ቍጥር እናገራለሁ። በ1992 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገ የሕዝብና የጤና ጥናት ከመቶ ሴቶች 85ቱ፣ ባል ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለው ነበር። በ2008 በተደረገው ጥናት ቍጥሩ ወደ 63 ወረደ። በዐሥራ ስድስት ዓመት ይህን ያህል መውረዱ ሰው መማር እንደሚችል ያሳያል። ነገር ግን በዚያው በ2008ቱ ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስት ሁለቱ እጅ ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታም አልጠየቁም። ሕግ ተጽፎላቸው ሳለ ሕጉን የሚጠራላቸው አላገኙም ማለት ነው።

ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ሥራው የእናንተ ነው። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ነገር ብትሰሙ «የባልና የሚስት ነገር ነው» አትበሉ። የሚደርስባትን በመጀመሪያ እመኗት፤ ምን አድርገሽ ነው ብላችሁ አትጠይቁ። ወደ ሐኪም ቤት ብትሄድ የጕዳቷን ማስረጃ በጽሑፍ እንድትቀበል ንገሯት፤ በፍርድ ቤት ከብዙ እንባ ይልቅ አንድ ወረቀት ይናገራልና። ወደ ፖሊስና ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ስትሄድ ብቻዋን አትልቀቋት። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ያለ ዋጋ የሕግ ምክር የሚሰጡ የሕግ ሰዎች እንዳሉ አመልክቷት። ወደ ቤቷ መመለስ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ፣ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በሐዋሳ መጠለያ እንዳቋቋመ እወቁ። ያያችሁትንም ለመመስከር አትፍሩ።

ሽማግሌ ለመሆን የምትደርሱበትም ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ እርጥቡን ሣር ስትይዙ፣ በመጀመሪያ በማን ፊት እንደምትንበረከኩ አስቡ። ለምኑ፤ ነገር ግን የምትለምኑት ዱላ የያዘውን ይሁን።