የሆሮ ፈረስ
በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ደጋ፣ በሻምቡ ዙሪያ የሚረባ የአገር ውስጥ ፈረስ ነው። አጥኚዎች ከለዩአቸው ስምንት የኢትዮጵያ ፈረሶች አንዱ ሲሆን ሌሎቹ የአቢሲኒያ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የከፋ፣ የሰላሌ፣ የኦጋዴንና የቁንዱዶ ናቸው። እርባታው ደጋውን የሙጥኝ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆላው፣ በተለይ የዴዴሳና የአንገር ሸለቆ፣ የፄፄ ዝንብ የሚያዛምተው የገንዲ በሽታ አለበት፤ ፈረስ ደግሞ ገንዲን አይችልም።

በ1874 ዓ.ም. በዚሁ በሆሮ ጉዱሩ ምድር፣ እምባቦ ላይ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሲማርኩ የራስ ጎበና ዳጬ (በፈረስ ስማቸው አባ ጥጉ) የኦሮሞ ፈረሰኞች ድርሻ ከፍተኛ ነበር።

ባዝራ ለውርንጭላም ለበቅሎም ትፈለጋለች። መግራት ትዕግሥት ይጠይቃል፦ መጀመሪያ ገመድ፣ ቀጥሎ ልጓም፣ ከዚያ ባዶ ኮርቻ፣ ሰው የሚወጣበት በመጨረሻ ነው። ልጓም የሚጎትት እጅ አፉ የደነደነ ፈረስ ያፈራል፤ ስለዚህ ጀማሪ ጋላቢ በሶምሶማ እጁን ሳያለዝብ ሽምጥ መጋለብ የለበትም። በድሮው ጠባብ እርካብ የሚገባው የእግር አውራ ጣት ብቻ ስለነበር ሚዛን የሚጠበቀው በጭን ነበር። ዛሬ በወለጋ ከተሞች ብዙው ፈረስ የሚታየው ጋሪ ሲጎትት ነው፤ ለጉግስ ለተገራ ፈረስ ግን ጋሪ ውርደት ነው።