የአንጎል መናበብ

የእግር ኳስ ተንታኞች ሁለት አማካዮች ቃል ሳይለዋወጡ ኳስ ሲቀባበሉ «ይናበባሉ» ይላሉ። የአንጎል ተመራማሪዎች ፈንክሽናል ኮኔክቲቪቲ ለሚሉት ነገር ከዚህ የቀረበ አማርኛ አላገኘሁም። «ተግባራዊ ትስስር» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ትስስር ሲባል ገመድ ወይም ሽቦ ይታሰባል። እዚህ የሚለካው የሁለት የአንጎል ክፍሎች እንቅስቃሴ አብሮ ከፍ፣ አብሮ ዝቅ ማለቱ ነው። በቀጥታ የነርቭ ክር የማያገናኛቸው ክፍሎች እንኳ በሦስተኛ በኩል ሊናበቡ ይችላሉ።

መለኪያው ኤምአርአይ ነው። ሴጂ ኦጋዋ እ.ኤ.አ. በ1990 ከአንጎል ሥራ ጋር የሚለዋወጠው የደም ኦክስጅን በምስሉ ላይ እንደሚታይ አሳዩ። በ1995 ደግሞ ባራት ቢስዋልና ባልደረቦቻቸው ምንም ሥራ ሳይሰጣቸው ዝም ብለው የተጋደሙ ሰዎችን ቀረጹ። ቀኝና ግራ እጅን የሚያዙት ክፍሎች፣ እጆቹ ሳይንቀሳቀሱ፣ በዝግታ አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ተገኙ። እንዲህ የሚናበቡ ክፍሎች ስብስብ «መረብ» ይባላል።

ብዙ የሚበላን ሰው «ሆዳም» እንላለን፤ ጥፋቱን ለሆድ ሰጥተነዋል። የአንጎል ተመራማሪዎች ግን የሚያዩት ወደ ላይ፣ ወደ አንጎል መናበብ ነው። የአንድ አዋቂ ክብደት በኪሎ፣ ለቁመቱ በሜትር ሁለት ጊዜ ተካፍሎ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሲመጣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች የመናበብ ልዩነት ያገኙት በሦስት ቦታዎች አካባቢ ነው፦ ጣዕምንና የሆድ ዕቃን ስሜት በሚቀበለው ኢንሱላ፣ በዶፓሚን እየተመራ «ይህ ይጣፍጣል፣ ድገመው» በሚለው ስትራያተም፣ እንዲሁም «ቆይ» በሚለው የግንባር ክፍል። ሆኖም በአንዱ ጥናት መናበቡ ጠንክሮ ሲገኝ በሌላው ላልቶ ይገኛል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት እጅግ ተራ ነው፤ የጭንቅላት መነቃነቅ። የሚሊሜትር ክፍልፋይ የምታህል እንቅስቃሴ የተቀራረቡ ክፍሎች የሚናበቡ፣ የተራራቁት ደግሞ የማይናበቡ ታስመስላለች። ክብደታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ደግሞ በመሣሪያው ውስጥ በአማካይ ይበልጥ ይነቃነቃሉ፤ አተነፋፈስም ድርሻ አለው። ይህን በጥንቃቄ ያላጣራ ጥናት አንጎልን ለካሁ ብሎ ትንፋሽን ለክቶ ሊሆን ይችላል። በእኔ ግምት የዚህን ዘርፍ ዜና የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከመናበቡ ልዩነትና ከውፍረቱ የትኛው ይቀድማል የሚለው ነው። ከክብደት ጋር የተያያዙ ብዙ ዘረ-መሎች የሚሠሩት በአንጎል ውስጥ መሆኑ፣ ልዩነቱ ከውፍረቱ በፊት ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል። በሌላ በኩል ስብ ራሱ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ሌፕቲን ከስብ ህዋሳት ወጥቶ ለአንጎል ወሬ የሚያደርስ ሆርሞን ነው። ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ክብደት ሲቀንስ መናበቡም እንደተለወጠ የዘገቡ ጥናቶች አሉ። ምናልባት መንገዱ ሁለቱንም አቅጣጫ ይሄዳል።

«የወፍራም ሰው አንጎል» የሚል ርዕስ ሲያጋጥም፣ የሚወራው ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ ነው። ልዩነቶቹ ጥቃቅን፣ በሰው እና በሰው መካከል ያለው ስፋት ግን ትልቅ ስለሆነ፣ የአንድን ሰው ምስል ብቻ አይቶ ክብደቱን በእርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም የለም።