ከሳሽ ለተከሳሽ ሲከፍል፦ የመድኃኒት ፓተንት ክርክሮች በእርቅ የተፈቱበት ታሪክ



በአገራችን የሽምግልና ልማድ ካሳ የሚሄድበት አቅጣጫ የታወቀ ነው፤ በዳይ ለተበዳይ ይክሳል። በመደበኛ ፍርድ ቤትም ክርክራቸውን በስምምነት የሚጨርሱ ወገኖች ከሞላ ጎደል ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ። ተከሳሽ ከተጠየቀው ገንዘብ ከፊሉን ይከፍላል፤ ከሳሽም ቀሪውን ይተዋል። ዛሬ የማቀርበው ታሪክ ይህ ሥርዓት ስለ ተገለበጠበት መስክ ነው። በአሜሪካ የመድኃኒት ገበያ፣ «ፓተንቴ ተጣሰ» ብሎ የከሰሰ ኩባንያ መብቱን ጥሷል ላለው ተከሳሽ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የታረቀባቸው ውሎች ጥቂት አይደሉም። ጥያቄዬም ይህ ነው፤ ከሳሽ ስለ ምን ይከፍላል? የሚከፍለውስ ገንዘብ ከማን ኪስ የወጣ ነው? በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1984 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጄኔሪክ አምራች፣ ማለትም ቀደም ሲል የተፈጠረን መድኃኒት በዋናው ንጥረ ነገር ስም አምርቶ በርካሽ የሚሸጥ ኩባንያ፣ በሁለት ወገን ታስሮ ነበር። በአንድ በኩል፣ በ1962 የተሻሻለው የመድኃኒት ሕግ የፈዋሽነት ማስረጃን ግዴታ በማድረጉ፣ ቀዳሚው ኩባንያ በሕሙማን ላይ ያካሄደውን ረጅምና ውድ ምርመራ እንደገና መድገም ይጠበቅበት ነበር። በሌላ በኩል ፓተንቱ ሳያበቃ ለሙከራ እንኳ መድኃኒቱን መሥራት አይችልም ነበር። ሮሽ የተባለው ኩባንያ ቦላር የተባለውን ጄኔሪክ አምራች በከሰሰበት መዝገብ፣ የፌደራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዚያው በ1984 እንዲህ ያለው ሙከራ የፓተንት ጥሰት ነው ሲል ወሰነ። የውሳኔው ውጤት ግልጽ ነበር። ፓተንቱ ባበቃ ማግስት ሙከራ ይጀመራል፤ ሙከራውና የፈቃዱ ሂደት እስኪያልቅ ድረስ ግን ቀዳሚው ኩባንያ ያለ ተወዳዳሪ መሸጡን ይቀጥላል።

ይህን ቋጠሮ የፈታው በሁለቱ አርቃቂዎቹ፣ በዩታው ሪፐብሊካን ሴናተር በኦሪን ሃችና በካሊፎርኒያው ዴሞክራት የምክር ቤት አባል በሄንሪ ዋክስማን፣ ስም የሚጠራው ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን በመስከረም ወር 1984 ፈረሙበት። ሕጉ ራሱ የእርቅ ፍሬ ነበር። ለቀዳሚዎቹ ኩባንያዎች፣ ፈቃድ ሲጠብቁ ያለፈባቸው ጊዜ በከፊል ተክሶ የፓተንታቸው ዘመን እስከ 5 ዓመት እንዲራዘም ፈቀደ። ለጄኔሪክ አምራቾች ደግሞ የቦላርን ውሳኔ ሽሮ ቅድመ ሙከራን ፈቀደ፤ መድኃኒታቸው በሰውነት ውስጥ ከቀዳሚው ጋር እኩል እንደሚሠራ ካረጋገጡም ሌላው ምርመራ እንዳይጠየቁ አደረገ።

ለዛሬው ጉዳያችን ዋነኛው ግን ሌላ አንቀጽ ነው። አንድ ጄኔሪክ አምራች ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ማመልከቻ ሲያቀርብ «ይህ ፓተንት ዋጋ የለውም፣ ወይም የእኔ ምርት አይጥሰውም» ብሎ ማሳወቅ ይችላል። ቀዳሚው ኩባንያ ማስታወቂያው በደረሰው በ45 ቀናት ውስጥ ከከሰሰ ፈቃዱ ለ30 ወራት ሊታገድ ይችላል። በዚህ መንገድ ፓተንቱን በመጀመሪያ የተገዳደረው አምራችም ለ180 ቀናት ሌላ ጄኔሪክ ሳይገባበት እንዲሸጥ መብት ተሰጠው። የሕጉን መንፈስ ለመረዳት ይህን ሽልማት ልብ ማለት ያስፈልጋል። መንግሥት የተሰጡትን ፓተንቶች ሁሉ መልሶ የመመርመር አቅም የለውም፤ በሽተኛውም ጠበቃ ቀጥሮ አይከራከርም። ስለዚህ ሕጉ ለዚህ ሥራ ተገዳዳሪውን መለመለ፤ 180ውን ቀናትም ደመወዝ አድርጎ መደበለት። ጄኔሪክ አምራቹ ለራሱ ትርፍ ሲሟገት፣ በውጤቱ የሕዝብ ወኪል ይሆናል።

ዕቅዱ በብዙ ረገድ ተሳክቷል። በ1984 በአሜሪካ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ውስጥ የጄኔሪኮች ድርሻ 19 በመቶ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ወደ 90 በመቶ ይጠጋል። የፌደራል ንግድ ኮሚሽን በ2002 ባወጣው ጥናት ደግሞ በፍርድ ቤት ውሳኔ ካገኙት ክርክሮች በ73 በመቶው የረቱት ጄኔሪክ አምራቾች መሆናቸው ታየ። በፍርድ የተፈተሹት ፓተንቶች ብዙዎቹ እንደተባለላቸው ጽኑ አልነበሩም ማለት ነው።

እንግዲህ ወኪሉን መግዛት የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱን በቀላል ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ኩባንያ መድኃኒቱን ብቻውን ሲሸጥ በዓመት 100 ያተርፋል እንበል። ጄኔሪኩ ሲገባ ዋጋው ይወርዳልና ቀዳሚው 30፣ ተወዳዳሪው 20፣ በድምሩ 50 ያተርፋሉ። የቀረው 50 በርካሽ ዋጋ መልክ ለበሽተኛው ይመለሳል። ቀዳሚው ለተወዳዳሪው 35 ሰጥቶ «አትግባ» ቢለው ለራሱ 65 ይቀረዋል፤ ተወዳዳሪውም ተሟግቶ ከሚያገኘው 20 የበለጠ ሳይለፋ ያገኛል። ሁለቱም ተጠቀሙ። የከፈለው ሦስተኛው፣ በድርድሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልነበረው ሰው ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንላለን፤ በዚህ መስክ ግን ሣሩ የተጎዳው ዝሆኖቹ ሲታረቁ ነው።

ሦስት መዝገቦች ነገሩን ያሳዩናል። የመጀመሪያው የጡት ካንሰር መድኃኒት የሆነው የታሞክሲፌን ነው። በ1992 የኒው ዮርክ የፌደራል ፍርድ ቤት ፓተንቱ ሊጸና አይችልም ብሎ ለባር ኩባንያ ፈረደ። ይግባኙ በመታየት ላይ ሳለ በ1993 ዜኔካ ለባር 21 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ ባርም ዜኔካ ራሱ ያመረተውን መድኃኒት ተረክቦ እንዲሸጥ ተስማምተው ታረቁ፤ የመጀመሪያው ፍርድም እንዲሰረዝ አደረጉ። በፍርድ የወደቀው ፓተንት በእርቅ ተነሣ፤ በኋላ የመጡ ሌሎች ተገዳዳሪዎችም በዚያው ፓተንት ተረቱ። የሁለተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከዓመታት በኋላ ይህን እርቅ ሕጋዊ ነው አለ።

ሁለተኛው የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሆነው የካርዲዜም ሲዲ ነው። በ1997 ሄክስት ማሪዮን ራሰል የተባለው ኩባንያ፣ አንድርክስ የተባለው ተወዳዳሪ ፈቃድ ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ወደ ገበያ ሳይወጣ ለሚቆይበት በዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍለው ተዋዋለ። እዚህ ላይ 180ው ቀናት ያልታሰበ ጉዳት አመጡ። የብቸኝነቱ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው የመጀመሪያው ተገዳዳሪ መሸጥ ሲጀምር በመሆኑ፣ እርሱ ሳይሸጥ ሲቀመጥ ከኋላው የተሰለፉትም አብረው ተገቱ። በር እንዲከፍት ደመወዝ የተቆረጠለት ሰው በሩ ላይ ቆሞ ዘጋው። የስድስተኛው ምድብ ፍርድ ቤት በ2003 ይህ ውል ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልግ በራሱ ሕገ ወጥ ነው ሲል ወሰነ። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግም የብቸኝነቱ መብት የሚታጣባቸውን ሁኔታዎች ደነገገ፤ እንዲህ ያሉ ውሎች ሁሉ ለንግድ ኮሚሽኑና ለፍትሕ መሥሪያ ቤቱ እንዲቀርቡም አዘዘ።

ሦስተኛው፣ ለሕግ ተማሪ እጅግ አስተማሪ የሆነው፣ ኬ-ዱር የተባለው የፖታሲየም መድኃኒት መዝገብ ነው። ሼሪንግ-ፕላው በ1997 ለአፕሸር-ስሚዝ 60 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ሲስማማ፣ ገንዘቡ ለሌሎች ምርቶች ፈቃድ የተከፈለ ነው ብሏል። የአሥራ አንደኛው ምድብ ፍርድ ቤት በ2005፣ እርቁ ፓተንቱ ከሚሰጠው የመከልከል መብት እስካላለፈ ድረስ የንግድ ውድድር ሕግ አይመለከተውም አለ። የሦስተኛው ምድብ ፍርድ ቤት በ2012 ያንኑ ውል መርምሮ፣ ክፍያው ለመዘግየት እንደተከፈለ ይገመታል፣ ማስተባበል የተከፋዮችና የከፋዮች ሸክም ነው አለ። አንድ ውል፣ አንድ ሕግ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ።

ኩባንያዎች ደግሞ ፍርድን አንባቢዎች ናቸው። በ2004 የበጀት ዓመት ለንግድ ኮሚሽኑ ከቀረቡት የመጨረሻ የእርቅ ውሎች ውስጥ ክፍያንና መዘግየትን ያጣመረ አንድም አልነበረም። ከ2005ቱ ውሳኔ በኋላ ቁጥሩ እያደገ ሄዶ በ2012 የበጀት ዓመት ከ140 ውሎች 40ዎቹ እንዲህ ያለ ይዘት ሊኖራቸው እንደሚችል ኮሚሽኑ መዘገበ። ይኸው ኮሚሽን በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ ክፍያ ያለባቸው ውሎች ክፍያ ከሌለባቸው ይልቅ የጄኔሪኩን መግቢያ በአማካይ በ17 ወራት ገደማ እንደሚያዘገዩ፣ ሸማቹንም በዓመት 3.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስወጡ ገምቷል።

ልዩነቱን ሊዳኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የያዘው ጉዳይ አንድሮጄል የተባለው የቴስቶስተሮን ቅባት ክርክር ነበር። ሶልቬይ በ2006 ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ታረቀ። አክታቪስ እስከ ነሐሴ 31 ቀን 2015 ላለመሸጥ ተስማማ፤ ይህም ፓተንቱ ከሚያበቃበት 65 ወራት የቀደመ ነው። ሶልቬይ በበኩሉ ለአክታቪስ ለዘጠኝ ዓመታት በየዓመቱ ከ19 እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፍል ተገምቷል፤ ምክንያቱም ምርቱን ለሐኪሞች ስለሚያስተዋውቅለት ነው ተባለ። ሰኔ 17 ቀን 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ3 ድምፅ ወሰነ። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ብሬየር፣ ትልቅና ምክንያቱ ያልተብራራ ክፍያ ከፋዩ በፓተንቱ ጽናት እንደማይተማመን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ጉዳዩ በንግድ ውድድር ሕግ ይመርመር አሉ። ሆኖም በራሱ ሕገ ወጥ ነው ወይም ሕገ ወጥ እንደሆነ ይገመታል አላሉም፤ ጉዳትና ጥቅሙ በየመዝገቡ ይመዘን ነው ያሉት።

የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ቀላል አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ ዳኛ ሮበርትስ፣ ፓተንት ሌላውን የመከልከል መብት እስከሆነ ድረስ በወሰኑ ውስጥ የተደረገ እርቅ ምን ውድድር ያጠፋል? ሲሉ ሞግተዋል። ለመታረቅ የሚፈሩ ወገኖች እስከ መጨረሻው ለመሟገት ስለሚገደዱም ፓተንትን የሚገዳደሩ ሊቀንሱ ይችላሉ የሚል ስጋት ነበር። ይህን ስጋት ታሪክ ራሱ ፈትኖታል። በ2015 የበጀት ዓመት ኮሚሽኑ የተቀበላቸው የመጨረሻ እርቆች 170 ደርሰው ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ክፍያና መዘግየት ያለባቸው ሊሆኑ የሚችሉት ግን 14 ብቻ ነበሩ። እርቁ አልጠፋም፤ የቀነሰው ክፍያው ነው። ወገኖቹ ጄኔሪኩ የሚገባበትን ቀን ብቻ ተከራክረው ሲቆርጡ፣ ቀኑ የፓተንቱን ጥንካሬ ይመስላል። ጠንካራ ፓተንት ያለው ዘግይቶ፣ ደካማ ያለው ቀድሞ በሩን ይከፍታል።

ይህ ማለት ግን ጉዳዩ ተቋጨ ማለት አይደለም። ክፍያው ልብሱን ቀየረ። ከ2013 በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ቀዳሚው ኩባንያ በ180ው ቀናት ውስጥ የራሱን ጄኔሪክ ላለማውጣት የሚገባው ቃል ክፍያ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። የሦስተኛው ምድብ ፍርድ ቤት በ2015፣ በላሚክታል መዝገብ፣ ክፍያ ሊሆን ይችላል ሲል መለሰ። በአውሮፓም የኅብረቱ ኮሚሽን ከአንድሮጄል ፍርድ ሁለት ቀን ብቻ ዘግይቶ፣ ሲታሎፕራም የተባለውን የድብርት መድኃኒት በተመለከተ ሉንድቤክን 93.8 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ሉንድቤክ የተወዳዳሪዎቹን ክምችት ገዝቶ እስከማጥፋት ደርሶ ነበር። የኅብረቱ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2021 ቅጣቱን አጸናው። የፍትሑን መዘግየትም አንርሳ። ኮሚሽኑ በ2009 የከፈተው የአንድሮጄል ክስ የመጨረሻ እልባት ያገኘው በ2019 ነው፤ ያውም ራሱ በስምምነት።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 3307 እርቅን ተዋዋዮቹ አንዱ ለሌላው ከመብቱ በመልቀቅ ክርክርን የሚያቆሙበት ውል አድርጎ ይመለከተዋል። ውል ደግሞ በመርሕ ተዋዋዮቹን እንጂ ሌላውን አያስርም። የፓተንት አዋጃችን ቁጥር 123/1987 ለባለ ፓተንቱ 15 ዓመት፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ ከዋለ ተጨማሪ 5 ዓመት ይሰጣል። ገበያችን በአመዛኙ በጄኔሪክ የሚተዳደር፣ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነታችንም ገና በድርድር ላይ ያለ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ሙግት በችሎቶቻችን የተለመደ አይደለም። የአገር ውስጥ የመድኃኒት ኢንዱስትሪው ሲያድግና የንግድ ድርድሩ ሲቋጭ ግን መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ሕግ አውጪው «ክፍያ ያለበት እርቅ ለማን ይቅረብ? ማንስ ይመርምረው?» የሚለውን አስቀድሞ ቢመልስ፣ አሜሪካ ከ1984 እስከ 2013 የሄደችበትን የ29 ዓመት መንገድ እንደገና መጓዝ አያስፈልገንም።

ክቡራትና ክቡራን፤ እርቅን ማክበር የቆየ ባህላችን ነው፤ ይህን ባህል ለመንቀፍ አልቆምሁም። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችን ሁለቱ ተጣይዎች ቢስማሙም በመካከላቸው የሦስተኛ ሰው ርስት እንዳለ ካወቁ «ይህ የእናንተ ብቻ አይደለም» ማለትን ያውቁበታል። ለሕዝብ የተሰጠ መብትና ለሕዝብ የተቆጠረ ጊዜ በአንድ ፓተንት ላይ ሲገናኙ፣ ባለጉዳዮቹ ሁለት ብቻ አይሆኑም። ዳኛው እርቁን ከማጽደቁ በፊት ከጠረጴዛው የቀረው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።